ያደረ ቡና

ቡናችን ጊዜ ገዳይ ነው ተብሎ ያልተወቀሰበት ዘመን የለም። አቦል ብሎ ቶና፣ ቶና ብሎ በረካ እያለ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሥራ ያስፈታል፣ ሐሜት ያስጀምራል ይሉታል። ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሁሉ፣ ሌላ የሚናገረው ሲያጣ፣ ቡናችንን አንዴ ሳይነካካ አይቀመጥም። እነዚህ ወቃሾች ሜሪላንድ ድረስ መጥተው የእኔን ፍሪጅ ቢከፍቱ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ በበርበሬው ዕቃና በእርጎው መሀል፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ጉብ ይል ነበር። ውስጡ ቡና ነው። ማታ ይገባል፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አይደርስም። ዐሥራ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። በዐሥራ ስምንት ሰዓት ውስጥ እናቴ ቡናዋን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ጎረቤቱን ሦስት ሦስት ሲኒ አጠጥታ፣ መርቃ፣ ተመርቃ፣ ሸኝታ፣ ሲኒዋን አጣጥባ፣ ሌሊቱን ጥግብ ብላ ተኝታ፣ ጧት የሚቀጥለውን ቡና ልትጀምር ትችላለች። ሆኖም እኔን ጊዜ ገደልክ ያለኝ የለም። የሥራ ባልደረቦቼ እንዲያውም ቀልጣፋ ሰው አድርገው ነው የሚያዩኝ። ተኝቼ ስለማፈላ ይሆናል።

ማፍላት አልኩ እንጂ መፍላት የሚባል ነገር የለበትም። ኮልድ ብሩ የሚሉት ቡና ከተቆላና ከተፈጨ በኋላ ከእሳት ጋር ዳግመኛ አይገናኝም። በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ይጠለላል፣ ይጠጣል፤ በቃ። በረዶ ከተጨመረበት ቡና ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ እሱ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ተዘጋጅቶ ኋላ የቀዘቀዘ ነው፣ ሌላ ነገር ነው። ጃፓኖች ቀዝቃዛውን ውሃ በረጅም የብርጭቆ ማማ ላይ ጠብታ በጠብታ እያንጠባጠቡ ነው የሚያወጡት፤ ኪዮቶ በዚህ ስም አላት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቶድ ሲምፕሰን የተባለ የኬሚካል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶዲ የሚባለውን የቤት መዘፍዘፊያ ሠራ። ነገሩ ለብዙ ዓመታት የጥቂት አፍቃሪዎች ጉዳይ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ስታርባክስ ወደ መደብሮቹ ሲያስገባው አገር ምድሩ ጠጪ ሆነ።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ግን ጃፓንም ስታርባክስም አይደለም፤ የጭስ ማንቂያ ነው። አሜሪካ አፓርታማ ውስጥ ቡና ቆልቶ የሚያውቅ ሰው ጣራ ላይ የተለጠፈችውን ያቺን ነጭ ክብ ነገር ያውቃታል። ቡናው ገና መንጣጣት ሳይጀምር ትጮኻለች። አንዳንዱ በፌስታል ይሸፍናታል፤ የተከለከለ ነው፣ አደገኛም ነው፣ የሚያደርገውም ብዙ ነው። አንዳንዱ በጥር ብርድ ካፖርቱን ደርቦ በረንዳ ላይ ይቆላል። በእኛ ቤት ባለቤቴ ስትቆላ የእኔ ሥራ ወንበር ላይ ቆሞ ማንቂያዋን በትሪ ማራገብ ነበር። እናቶቻችን እርግብግቢት የሚይዙት ከሰሉ እንዲቀጣጠል ነው፤ እኔ የያዝኩት ጣራው ዝም እንዲልልኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ ግን ትሪውም አላዳነን። ባለቤቴ ጭሱ ይውጣ ብላ በሩን ብትከፍተው ጭሱ ሄዶ ኮሪደሩ ላይ ካለው ከትልቁ ማንቂያ ጋር ተገናኘ። የሕንፃው ነዋሪ በፒጃማው ወደ መኪና ማቆሚያው ወረደ። ሁለት የእሳት አደጋ መኪና መጣ። በር የሚያካክሉ ሰዎች መጥረቢያቸውን ይዘው ኩሽናችን ገቡና ብረት ምጣዷን ከበው አይዋት። ከመካከላቸው አንዱ ሲወጣ፣ ሽታው ግን ደስ ይላል አለ። በሳምንቱ ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ደረሰን፤ ደብዳቤው ስለ ሽታው ምንም አላነሣም። ከዚያ ወዲህ የተቆላ ቡና ከሐበሻ ሱቅ እንገዛለን። እኔም የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማሽን የሚተፋውን ቡና ከመጠጣት ቀዝቃዛውን ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል ብዬ ጠርሙሱን ገዛሁ።

እንዴት እንደሚዘጋጅ የጠየቀኝ ሁሉ ስነግረው ቅር ይለዋል፤ የደበቅኩት ምስጢር ያለ ይመስለዋል። 100 ግራም ቡና፣ 800 ሚሊ ሊትር ውሃ። ቡናው ለጀበና እንደሚሆነው አይልምም፤ ሽርክት ይደረጋል፣ በጣት ሲነካ የሚቆረቁር። ከላመ የማይፈለገውን ምሬት ሁሉ ያወጣል፣ ሲጠለልም ጨርቁን ይደፍናል። ባለ ምላጩ የኤሌክትሪክ መፍጫ ግማሹን ዱቄት፣ ግማሹን ድፍን አድርጎ ይተወዋል፤ እዚህ ላይ ሙቀጫ ያለው ሰው ይኩራ፣ እጁን ይመጥናል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ክሎሪን የሚል ከሆነ አጣርቶ መጠቀም ነው። ውሃው ሲፈስበት ቡናው ወደ ላይ ይወጣና ወፍራም ቆብ ይሠራል። ብዙ ሰው ይህን እያየ ይከድንና ይተኛል፤ ጧት ቆቡን ሲፍቀው መሀሉ ደረቅ ነው። በእንጨት ማንኪያ ወደ ታች እየደፈቁ ሁሉም እስኪርስ ማማሰል ነው። ከዚያ ክዳን፣ ከዚያ ፍሪጅ።

ከፍሪጅ ውጭ 12 ሰዓት ገደማ ሊበቃው ይችላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን ከ18 እስከ 24 ይሄዳል። እኔ ፍሪጁን እመርጣለሁ። ያልፈላ ነገር ነው፤ ተሕዋስያኑን የጨረሰለት እሳት የለም፤ የዋሽንግተን ዙሪያ የሐምሌ ሙቀት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከተጠለለም በኋላ ከሳምንት በላይ አላቆየውም።

ቀዝቃዛ ውሃ እንዴት አድርጎ ቡና ያወጣል ብሎ የሚከራከረኝ አላጣሁም። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ እስከ 66 ግራም ካፌይን ያሟሟል፤ በቤት ውስጥ ሙቀት ያለ ውሃ ግን 2 ግራም ያህል ብቻ። ሲሰሙት ተስፋ ያስቆርጣል። ነገር ግን 100 ግራም አረቢካ ውስጥ ያለው ካፌይን ተጠራቅሞ ከአንድ ግራም ብዙም አይዘልም። ውሃው ቦታ አላነሰውም፤ የሚፈልገው ጊዜ ነው። ጊዜውን ደግሞ በእንቅልፋችን እንከፍላለን። ይህም ያላስቻላቸው አሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የአውስትራሊያው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀዝቃዛውን ቡና በአልትራሳውንድ እያንቀጠቀጡ ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አደረሱት። ሰው ተኝቶ የሚጠብቀው አንድ ቡና ቢገኝ እሱንም አጣደፉት።

እናቴ ባለፈው ሰኔ ከደሴ መጣች። እንቅልፏ ተዛብቶባት ኖሮ በውድቅት ኩሽና ገብታ ፍሪጁን ስትፈትሽ አድራለች። ከሥራ ስመለስ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ ስታሸት ደረስኩ።

«ጥንስስ ነው?»

«ቡና ነው፣ እማዬ።»

እንደገና አሸተተች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

«በሞትኩት! ማን ነው ረስቶት የተኛው?»

ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ማስረዳቱ ከባድ ነበር። «እኔ ያደረ ቡና ለሰው አቅርቤ አላውቅም» አለች። ለሰው አይደለም፣ ለራሴ ነው አልኳት። ይሄ ባሰ። ስንት ቡና እንደገባበት ጠየቀች፤ መቶ ግራም አልኳት። ከረጢቱን አንሥታ በእፍኟ ለካችው፣ መልሳ አፈሰሰችው።

«ይሄ ለስንት ሰው ነው?»

«ለአንድ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለሦስት ሌሊት።»

ዝም አለች። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አረቢካ ኒውዮርክ ገበያ ላይ አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሲሰብር የነጋዴዎች ጉዳይ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን የቡናን ዋጋ ከሰሌዳ ላይ አታነብም፤ ደሴ ገበያ ላይ በኪሷ ነው የምትሰማው። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች የሚባለው እንደ እሷ ባሉ ሰዎች ነው፤ አንዷ እፍኝ ግን ስንት ሰው ታዳርሳለች! ባለቤቴ ነገሩን ልታበርድ ብላ «እማማ፣ ይሄኛው እኮ አሲድ የለውም፤ ለጨጓራ ይስማማል» አለቻት። እናቴ ጨጓራ የሚለውን ስትሰማ ትንሽ ለዘብ አለች። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሐበሻ ዘንድ ይህ ቃል የማይከፍተው በር የለም።

እኔ ባለቤቴን ባልቃወም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንዲህ አይደለም። ፊላደልፊያ ያለው የቶማስ ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኒኒ ራኦና ሜጋን ፉለር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ። የኛውን አገር ቡና ጨምሮ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ቡናዎችን በሙቅም በቀዝቃዛም አዘጋጅተው ፒኤቻቸውን ለኩት። ሁሉም ከ4.85 እስከ 5.13 መሀል ወደቀ፤ ሙቁም ቀዝቃዛውም። በጠቅላላው የአሲድ መጠን ሙቁ በለጥ ይላል፣ ጠቃሚ የሚባሉት አንቲኦክሲዳንቶችም እሱ ውስጥ ይበዛሉ። እንግዲህ ጨጓራዬ ተሻለው የሚል ሰው ተሻለው፤ ማን ይከለክለዋል። አሲድ የለውም ማለት ግን አይቻልም። ይህን ባስረዳሁበት ማታ ራት የቀረበልኝ ዘግይቶ ነው።

እናቴ እየዋለች እያደረች ለመደችው። ስሙንም አሳጠረችው፤ ጧት ጧት «ብሩ ተነሣ ወይስ ተኝቷል?» ትላለች። መጥለሉን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ወሰደችብኝ። እኔ ለዚህ ሥራ የናይለን ከረጢትም የወረቀት ማጣሪያም ገዝቼ ነበር፤ ወረቀቱ ገና ግማሹ ሳይወርድ ይደፈናል፣ ከረጢቱ ደቃቁን ያሳልፋል። እሷ ከሻንጣዋ ያረጀ ነጠላ አወጣች። አንድ ክንድ ያህል ቀደደች፣ ሳሙና ሳታስነካ በሙቅ ውሃ አሸችው፣ ሁለት እጥፍ አድርጋ ድስት አፍ ላይ ወጠረችው፣ ዙሪያውን በሲባጎ አሰረች፣ መሀሉን በመዳፏ ጎድጎድ አደረገችው። ከዚያ ጠርሙሱን ሳታናውጥ ቀስ ብላ አዘነበለች። ላይ ላዩ ጥሩው ቀድሞ ወረደ፤ አተላው ኋላ መጣ። መንጠባጠቡ አዘገመብኝና ጨርቁን ልጨምቅ እጄን ስሰድ በማንኪያ መታችኝ።

«ጠላ ሲጠለል አይተህ አታውቅም? ከጨመቅከው ጉሽ ነው የምትጠጣ!»

ልክ ናት። ሲጨመቅ ደቃቁ ሁሉ ያመልጣል፣ ምሬቱንም ይዞ ነው የሚያመልጠው። የእሷ ሲወርድ ጥርት ያለ ነው፤ ብርጭቆው ወደ መስኮት ሲያዝ ወደ ቀይ ያደላል።

እንዲህ ተጠልሎ የሚገኘው ግን ገና ወፍራም ነው፤ ውሃ ወይም ወተት እኩል በእኩል ይጨመርበታል። ይህን ሳይሰማ የጠጣ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ታክሲ ነጂ ነው። ቤታችን እንደ ቤቱ ስለሆነ ራሱ ፍሪጅ ከፍቶ፣ ኮካ መስሎት፣ ትልቅ ብርጭቆ ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ችግር የለውም ይላል፤ ወዳጄ የቀኑን ድርሻ ቆሞ ጨረሰው። ፊቱን ቋጥሮ «ይሄ ኮካ ጊዜው አልፎበታል» አለና ሄደ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለልኝ። መኪናውን በጥርስ ብሩሽ አጥቦ ጨርሷል። የግብር ወረቀቱን ሞልቷል። አዲስ አበባ ረፋድ ስለነበር ዘመዶቹን በስልክ አዳርሷል፤ በመሬት ጉዳይ የተኳረፉትን አጎቱን ሳይቀር ታርቋል። ልቡ እየመታ መሆኑን ነግሮኝ ውሃ እንዲጠጣ መከርኩት። ዕርቁ እስካሁን ጸንቷል።

ስለ ጣዕሙ እውነቱን ልናገር። ለስላሳ ነው፣ ምሬቱ አይጋፋም፣ ጣፈጥ ይላል፤ መዓዛ ግን የለውም። የቡና መዓዛ ተናኝ ነገር ነው፣ ለመነሣት ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ የታጠበ ይርጋጨፌ ገዝቶ መዘፍዘፍ ገንዘብ መጣል ነው ባይ ነኝ፤ የሚከፈልበት የአበባ ሽታውና የሎሚ ቃናው ነው፣ ቀዝቃዛው ውሃ አብዛኛውን ትቶት ይመጣል። ያልታጠበው፣ እሸቱ ከነልጣጩ በፀሐይ የደረቀው የጉጂ ወይም የሐረር ቡና ይሻላል፤ የፍራፍሬ ጣፋጭነቱ ጠርሙሱ ውስጥም ሳይጠፋ ያድራል። ስኳር የሚወድ ሰው ብርጭቆ ውስጥ እያንኳኳ አይድከም፣ በቀዝቃዛው ቶሎ አይሟሟም፤ ማር በጥቂት ሙቅ ውሃ አቅጥኖ ማስቀመጥ ነው። በጾም የአጃ ወተት ይስማማዋል። ከሁሉ የበለጠውን ግን እናቴ ናት ያመጣችው፦ በረንዳችን ላይ በቆርቆሮ ከተተከለው ጤና አዳም አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሳ ብርጭቆው ውስጥ ጣል አደረገች። ይሄን ስታርባክስ አያውቀውም፤ ባይነግሩትም ደግ ነው።

አንድ ቀን ጨርቁ ላይ የቀረውን ቡና ቆሻሻ መጣያው ላይ ላራግፍ ስል እናቴ ከሳሎን ጮኸች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልጥለው ነዋ።»

«አንዴ ተጠጥቶ?»

ጨርቁን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከደሴ በእቅፏ ይዛ የመጣችውን ጀበና አወጣች፣ እርጥቡን ቡና በማንኪያ እየቆነጠረች በአንገቱ አስገባች፣ ውሃ ሞላች፣ ምድጃው ላይ ጣደች። እሷ ዘንድ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ብሩ አቦል ነው። ቶናው የታለ? በረካውስ? እኔ ስንት ጊዜ የእሷን ቶና ቆሻሻ ውስጥ ስጥል እንደኖርኩ ያኔ ነው የታያት፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፣ ሐዘን ነበር።

ፈላ። ቀዝቃዛው ውሃ ሊያነሣው ያልቻለው መዓዛ ሁሉ ተነሣ፤ ዘይቱም፣ የቀረው አሲድም ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ወጣ። ቀጠን ያለ ነው፣ ቶናም ወጉ መቅጠን ነው። ሽርክት በመሆኑ አተላው ጀበናው ውስጥ ቀርቶ ሲኒው ጥርት ብሎ ተቀዳ። ጭስ የለ፣ ማንቂያዋ ትንፍሽ አላለች፤ ሽታው ግን በበሩ ሥር አልፎ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ በር ተንኳኳ። አንድ ግድግዳ የምንጋራት፣ እስከዚያ ቀን ከሊፍት ሰላምታ ያላለፍን የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት። የምትሸጡት ነገር ነው ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ ቋንቋውን ባትሰማም ጥያቄውን ሰማች፤ ክንዷን ይዛ አስገባቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ሲኒ አስያዘቻት። እኔ ደግሞ አጋጣሚው አያምልጠኝ ብዬ በበረዶ ያማረ ብርጭቆ ብሩ አቀረብኩላት። በትሕትና ገፋችልኝ። እሱማ ቤቷ አለ፤ ከሱቅ በካርቶን ትገዛዋለች።

በማግስቱ እኅቷን ይዛ መጣች። ቀጥሎ ከላይኛው ፎቅ ያሉት የጎንደር ባልና ሚስት ቆሎ ይዘው ወረዱ፤ እነሱ እንኳ በሕንፃው ውስጥ ጀበና የሚጣድበት ቤት መኖሩን አያውቁም ነበር። ሰው ሲበዛ ቶናው አነሰ። ቶናው እንዲበዛ ብሩ መብዛት አለበት። እናቴ ማታ ማታ ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ ትይዘኝ ጀመር፦ «ነገ ሰው አለብኝ፤ ብሩን በርከት አድርገህ ዘፍዝፈው።»

«ጠርሙሱ እኮ አይችልም፣ እማዬ።»

መልስ አልሰጠችኝም። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ወጥታ፣ አሜሪካኖች ለሰርግና ለልደት ሎሚናት የሚያቀርቡበትን ባለ ቧንቧ የመስታወት ዕቃ ገዝታ ተመለሰች። ዐሥር ሊትር ይይዛል። ፍሪጁ እንዲበቃው መካከለኛው መደርደሪያ ወለቀ፤ በርበሬውና እርጎው ተሰደዱ። ለአንድ ሌሊት ከአንድ ኪሎ በላይ ቡና ይገባበታል። ሲደርስ እናቴ ጠልላ አተላውን ወደ ጀበናዋ ትወስዳለች፣ እኔ የማልጨርሰውን ብሩ ታቅፌ እቀራለሁ። አሁን በየጠርሙሱ እየሞላሁ ሥራ ቦታ አከፋፍላለሁ። ተቀባዮቼ እስከ ሰሞኑ ድረስ ደስተኞች ነበሩ፤ ከሰኞ ወዲህ ግን አንዱ፣ ያው ቀልጣፋ ያለኝ ሰው፣ ትኩስ የለህም ወይ ማለት ጀምሯል።